የምጣዱ ክስ፤ ኦምና ዋትን እንዴት እናሰላለን?

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሽምግልና ተጠራሁ፡፡ ጠሪዬ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሲሆን ኮተቤ አካባቢ ባለው ግቢው ውስጥ ከራሱ ቤተሰብ ሌላ ሦስት ተከራዮች ይኖራሉ፡፡ አራቱም አባወራ የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው፡፡ የዚያን ወር የመብራት ቢል 640 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆኖ መጣ፡፡ ባልደረባዬም ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከመም፡፡ ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ባሏ የሞተባትና ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች፡፡ "ምጣዷ አራት ሺህ ዋት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ይውላል፤ የቢሉን ግማሽ ትክፈል፤ ካልሆነ ቤቱን ትልቀቅልኝ" አለ፡፡ ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ "ጋሼ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምጋግረው" ከማለት ሌላ የምታቀርበው ማስረጃ አልነበራትም፡፡

እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል፡፡ ስለዚህ ለባልደረባዬ "ግማሹን ትክፈል ካልክ ግማሹን መጠቀሟን አስረዳ" አልኩት፡፡ መልሱ ፈጣን ነበር፤ "አንተ ሽማግሌው አስላው!" አለኝ፡፡ ነገሩ እኔው ራስ ላይ ተመልሶ ወደቀ፡፡ ፊዚክስን ለመጨረሻ ጊዜ የተሰናበትኩት ከአርባ ዓመት በፊት በመሆኑ ቮልትና አምፒር የሚባሉትን ከስማቸው በቀር አላውቃቸውም ብል ይቀለኛል፡፡ ያዳነችኝ አሥረኛ ክፍል የምትማረው የባለቤቱ ልጅ ናት፡፡ ደብተሯን ይዛ መጥታ "ጋሼ፣ እኮ ኦም ሎው ነው፤ ሁለት ነገር ከለካን ሌላውን እናገኘዋለን" አለች፡፡ ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በታች የምታነቡት ከእርሷ፣ ከጠራነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከዚያም በኋላ ካገላበጥኳቸው መጻሕፍት የቃረምኩት ነው፡፡ በአንድ ቆጣሪ የሚኖር፣ ምጣድ ያለው ወይም የሶኬቱ መጋል የሚያሳስበው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል፡፡

ጣራ ላይ ያለውን የውኃ ሮቶ አስቡት፡፡ ሮቶው ከፍ ባለ መጠን ውኃው ቧንቧው ውስጥ በኃይል ይገፋል፡፡ ኤሌክትሪክ ውስጥ ይህን ግፊት ቮልቴጅ እንለዋለን፤ መለኪያው ቮልት ነው፡፡ በቧንቧው ውስጥ በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው ውኃ ብዛት ደግሞ ከረንቱ ነው፤ መለኪያው አምፒር፡፡ ቧንቧው ቀጭንና ረጅም ሲሆን ውኃው እንደልቡ አይሄድም፡፡ ይህ እንቅፋት ሬዚስታንስ ሲባል የሚለካው በኦም ነው፡፡ ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል፤ እንቅፋቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይቀንሳል፡፡ ሕጉም ይኸው ነው፡፡

ሬዚስታንስ = ቮልቴጅ ÷ ከረንት

ማለትም ኦም የሚገኘው ቮልትን ለአምፒር በማካፈል ነው፡፡ ሁለተኛው ስሌት ዋት ነው፡፡ ዋት ዕቃው በየሰከንዱ የሚበላው ጉልበት መጠን ሲሆን የሚገኘውም በማባዛት ነው፡፡

ዋት = ቮልት × አምፒር

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌሎች ሁለት ይወለዳሉ፡፡ ከረንቱንና ሬዚስታንሱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከረንቱን በራሱ አባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ቢያባዛው ዋቱን ያገኛል፡፡ ቮልቴጁንና ሬዚስታንሱን የሚያውቅ ደግሞ ቮልቴጁን በራሱ አባዝቶ ለሬዚስታንሱ ያካፍላል፡፡ ለቤት ጉዳይ ከእነዚህ አራት መስመሮች የሚያልፍ ሒሳብ የለም ማለት ይቻላል፡፡

የመጀመሪያውን ሕግ ያገኘው ጌዮርግ ሲሞን ኦም የተባለ ጀርመናዊ ነው፡፡ በ1789 እ.ኤ.አ. ኤርላንገን ከተማ ከቁልፍ ሠራተኛ አባት የተወለደው ኦም ኮሎኝ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፡፡ በዚያን ዘመን የነበሩት ባትሪዎች ኃይላቸው በአንድ መጠን ስለማይጸና ንባቡ እየዋዠቀ አስቸገረው፡፡ ስለዚህም የሁለት ብረቶችን መገጣጠሚያዎች አንዱን በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ በማኖር የማይዋዥቅ ምንጭ አዘጋጀ፡፡ ውጤቱን በ1827 በመጽሐፍ ቢያወጣም በገዛ አገሩ የተቀበለው ጥቂት ነበር፤ የመምህርነት ሥራውንም ለቀቀ፡፡ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ የሸለመው ከ14 ዓመት በኋላ በ1841 ነው፡፡ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት የተቀመጠው በ1852 ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ፡፡ የዋት ስም የተወሰደው ከእንፋሎት ሞተሩ ሰው ከጄምስ ዋት ነው፤ እርሱ ግን በ1819 ስለሞተ ስሙ በ1882 ለመለኪያነት ሲታጭ አልነበረም፡፡ ለእኛ ምጣድ ይበልጥ የሚቀርበው የማንችስተር አካባቢው የቢራ ጠማቂ ልጅ ጄምስ ጁል ነው፡፡ ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከከረንቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ በ1841 ያሳወቀው እርሱ ነው፡፡ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው፡፡ ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ወደ ግቢው እንመለስ፡፡ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁለት መሣሪያ ይዟል፡፡ አንዱ ቮልት የሚለካው ተራ ቴስተር ነው፡፡ ሌላው ሽቦውን ሳይቆርጥ እንደ መቆንጠጫ አቅፎ አምፒር የሚያነብ ክላምፕ ሜትር ነው፡፡ ክላምፑ አንዱን ሽቦ ብቻ ለይቶ ማቀፍ እንዳለበት እዚያው ተማርኩ፤ መሄጃውንና መመለሻውን አንድ ላይ ካቀፈ ሁለቱ ስለሚጣፉ ዜሮ ያነብባል፡፡ ምጣዱ ከመብራቱ በፊት ቆጣሪው ጋ 219 ቮልት ነበር፡፡ ምጣዱ በርቶ ሲለካ ቆጣሪው ጋ 217፣ የሴትየዋ ሶኬት ላይ ደግሞ 208 ቮልት ሆነ፡፡ ክላምፑ 16 አምፒር አሳየ፡፡

ልጅቷ ወዲያው አሰላችው፡፡ 208 ÷ 16 = 13 ኦም፡፡ የምጣዱ ሬዚስታንስ ይህ ነው፡፡ 208 × 16 = 3,328 ዋት፡፡ ምጣዱ በትክክል የሚበላው ይህን ነው እንጂ አራት ሺህ አይደለም፡፡ ምጣዱን የሠራው ሰው "አራት ሺህ ነው" ብሎ መሸጡ እውነት ነው፤ ገበያ ላይ የሚነገር ዋትና መለኪያ ላይ የሚነበብ ዋት ግን ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም፡፡ በሙሉ 220 ቮልት እንኳ ቢሠራ 220 × 220 ÷ 13 = 3,723 ዋት ነው የሚሆነው፡፡

እዚህ ላይ ሠራተኛው ፊቱን ቋጠረ፡፡ እኔ በዋቱ ስደሰት እርሱ ያየው ሌላ ነገር ነው፤ "ዘጠኙ ቮልት የት ሄደ?" አለ፡፡ ቆጣሪው ጋ 217 ሆኖ ሶኬቱ ላይ 208 ከሆነ መሐል ላይ 9 ቮልት ጠፍቷል፡፡ ቮልቴጅ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ በሽቦው ሬዚስታንስ ላይ ወድቆ ሙቀት ይሆናል፡፡ 9 ቮልት × 16 አምፒር = 144 ዋት፡፡ ይህን ያህል ሙቀት ጣራና ግድግዳ ውስጥ በተደበቀ ሽቦ ላይ ይነድ ነበር ማለት ነው፡፡

ከቆጣሪው እስከ ክፍሏ ያለው ርቀት በእርምጃ ሲለካ 15 ሜትር ያህል ነው፡፡ መሄጃውና መመለሻው ሲደመር 30 ሜትር ሽቦ ይሆናል፡፡ የተዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው፤ የዚህ ሽቦ ሬዚስታንስ በሜትር 0.0115 ኦም ገደማ ስለሆነ 30 ሜትሩ 0.345 ኦም ይሆናል፡፡ በ16 አምፒር ሲባዛ 5.5 ቮልት ብቻ ነው የሚያስወድቀው፡፡ የቀረው 3.5 ቮልት ከሽቦው ሌላ የሆነ ቦታ ነው የሚወድቀው፡፡ ሠራተኛው ጣራ ሥር ገብቶ አገኘው፤ አንድ ሰው ሁለት ሽቦ በእጁ ጠምዝዞ በፕላስተር የጠቀለለው መቀጠያ ነበር፡፡ ፕላስተሩ ቀልጦ ተጣብቋል፤ ከሥሩ ያለው የኮርኒስ እንጨት ጠቁሯል፡፡ 3.5 × 16 = 56 ዋት፡፡ የዱሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ መስተዋቱ በእጅ እንደማይነካ የምናውቀው ነው፡፡ የዚያን ያህል ሙቀት አውራ ጣት በማታክል ቦታ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከእንጨት ጋር ተጎራብቶ፣ ሁለት ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል በላይ ተቀምጦ ነበር፡፡ ባልደረባዬ ጥቁሩን እንጨት ባየ ጊዜ ስለ ቢሉ ማውራት አቆመ፡፡

ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም ይህ የሆነው፡፡ መብራት እስከ በራ ድረስ መቀጠያው ደህና ይመስለናል፡፡ የላላ መገጣጠሚያ ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ የኦም አንድ አምስተኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል፡፡ ለ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ምንም ማለት አይደለም፤ በዚያ ሽቦ የሚያልፈው ከረንት የአምፒር ጥቂት መቶኛ ብቻ ነውና፡፡ ምጣድ ሲሰካበት ግን የጁል ስኩዌር ይመጣል፡፡ ከዚህም የባሰው ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ ጠቅልሎ መልሶ መሰካት ነው፡፡ ፊውዙ የተቀመጠው ሽቦው ከመንደዱ በፊት እርሱ እንዲቃጠል ነው፤ እርሱን በሽቦ መተካት ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት መተው ነው፡፡ ዲቫይደር ላይ ምጣድና ካውያ አብሮ የሚሰካም እንዲሁ፡፡ ምጣዱ 16 አምፒር፣ ባለ 1,100 ዋት ካውያ 5 አምፒር፤ ድምሩ 21 አምፒር ነው፡፡ ዲቫይደሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የአምፒር ቁጥር አንብቡት፤ ከ10 ወይም ከ16 የሚበልጥ እምብዛም አታገኙም፡፡

አሁን ወደ ሒሳቡ፡፡ ቢል የሚመጣው በዋት ሳይሆን በኪሎ ዋት ሰዓት ነው፡፡ አንድ ሺህ ዋት የሚበላ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፡፡ ሴትየዋ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ትጋግራለች፤ በወር 13 ቀን ብንል 39 ሰዓት ነው፡፡ መሐል መሐል ላይ ማብሪያውን ብታጠፋውም ሙሉውን ቆጠርንባት፡፡ 3.328 × 39 = 129.8 ኪሎ ዋት ሰዓት፡፡ ከ640 ውስጥ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፡፡ ቆጣሪው ግን በሽቦው ላይ የባከነውንም 144 ዋት ይቆጥራል፤ 0.144 × 39 = 5.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፡፡ ይህን ማን ይክፈል? ሽቦው የአከራዩ ነው፤ ሽቦውን የዘረጋው አከራዩ ነው፤ እንጨቱ የጠቆረውም በእርሱ ቤት ነው፡፡ እኔ በአከራዩ ላይ ፈረድኩ፤ እርሱም አልተከራከረም፡፡ (ከቆጣሪው በፊት የጠፋችው 2 ቮልት ግን የማንም ዕዳ አይደለችም፤ ቆጣሪው አያያትምና፡፡)

ታዲያ ቀሪውን 500 ገደማ ማን በላው? ልጅቷ ጣቷን ወደ ራሳቸው መታጠቢያ ቤት ጠቆመች፡፡ የውኃ ማሞቂያው ቦይለር ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት አይጠፋም፡፡ ለካነው፤ በ216 ቮልት 6.8 አምፒር፡፡ 216 × 6.8 = 1,469 ዋት፤ ሬዚስታንሱ ደግሞ 216 ÷ 6.8 = 31.8 ኦም፡፡ ቦይለሩ ላይ በ220 ቮልት 1,500 ዋት ተብሎ ስለተጻፈ ከጽሑፉ ጋር ሲተያይ 220 × 220 ÷ 1,500 = 32.3 ኦም ይመጣል፤ መለኪያችን ያን ያህል አልዋሸም ማለት ነው፡፡ ቦይለር ግን ውኃው ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ያበራል፡፡ ስለዚህ የሚበላው ስንት ሰዓት እንደሆነ በዋት ብቻ አይታወቅም፡፡ ልጅቷና ታናሽ ወንድሟ አንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሌሊቱን ደግሞ እናታቸው እየተነሳች፣ የቦይለሯ ቀይ መብራት የበራችበትንና የጠፋችበትን ሰዓት ደብተር ላይ መዘገቡ፡፡ ድምሩ 8 ሰዓት ሆነ፡፡ 1.469 × 8 = 11.75 በቀን፤ በወር 353 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፡፡ የቢሉ ከግማሽ በላይ! ምክንያቱም ተገኘ፤ የሙቅ ውኃው ቧንቧ ጎሚኒ ተበልቶ ቀንና ሌሊት በቀጭኑ ይፈስ ነበር፡፡ የፈላ ውኃ እያፈሰሱ ጎረቤትን መክሰስ ይሏችኋል ይህ ነው፡፡

ለአራት አባወራ አንድ ቆጣሪ መሆኑ ራሱ ሌላ ጉዳት አለው፡፡ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ትንሽ ከተጠቀመው ይበልጣል፡፡ አራት ቤት በየራሱ ቆጣሪ ቢሆን ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚውል ተከራይ በደባል ቆጣሪ ምክንያት የሀብታም ዋጋ ይከፍላል፡፡ የታሪፉ ቁጥር በየጊዜው ስለሚከለስ እዚህ አልጻፍኩትም፤ ከእጃችሁ ቢል ላይ የሚነበበውን መውሰድ ይሻላል፡፡ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሳነሳው የኖርኩት በመሆኑ ዛሬ አልደግመውም፡፡

የእንጀራ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ በበዓል ዋዜማ እናቶች "ዛሬ ኃይል የለም፤ እንጀራው ዓይን አላወጣም" ሲሉ ሳቅ ያለን ካለን እንሳሳታለን፡፡ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል፡፡ 13 ኦም ያለው ምጣድ በ180 ቮልት 180 × 180 ÷ 13 = 2,492 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ በ220 የሚሰጠው ግን 3,723 ነበር፡፡ ቮልቴጁ የወረደው 18 በመቶ ነው፤ ሙቀቱ የወረደው አንድ ሦስተኛ፡፡ ቮልቴጁ በራሱ ስለሚባዛ ጉዳቱም በራሱ ይባዛል፡፡ ሴትየዋም "ሶኬቱ እዚያ ሳለ እንጀራዬ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር" ያለችው ይኸው ነው፡፡

ምጣድ በሻንጣ ይዘው አሜሪካ የሚሻገሩ ወገኖቻችንም ይህን ስሌት ቢያውቁት ኪሳራ ያተርፋሉ፡፡ እዚያ ተራው ሶኬት 120 ቮልት ነው፡፡ የእኛው 13 ኦም ምጣድ እዚያ 120 × 120 ÷ 13 = 1,108 ዋት ይሆናል፤ አገር ቤት ከሚሰጠው ከሲሶ ያነሰ ነው፤ ሊጥ ያደርቃል እንጂ እንጀራ አይጋግርም፡፡ ከዚያ ለ120 ቮልት የተሠራ የ1,500 ዋት ማሞቂያ ወደዚህ ያመጣ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፡፡ ሬዚስታንሱ 120 × 120 ÷ 1,500 = 9.6 ኦም ነው፤ በ220 ሲሰካ 5,042 ዋት ይሆንና የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፡፡

ስሌቱ የሚያታልልባቸው ቦታዎች አሉ፡፡ አንደኛው ክር ያለው የዱሮ አምፖል ነው፡፡ ባለ 60 ዋቱ ሲበራ ሬዚስታንሱ 220 × 220 ÷ 60 = 807 ኦም ነው፡፡ አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ ቀዝቅዞ በቴስተር ብትለኩት ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ታገኛላችሁ፡፡ 60 ኦም ቢያነብ ደግሞ "አምፖሉ 807 ዋት ነው" የሚል አስቂኝ መልስ ይወጣል፡፡ የአምፖሉ ክር ተንግስተን ስለሆነ ሲግል ሬዚስታንሱ በብዙ እጥፍ ያድጋል፡፡ የምጣዱ ሽቦ ግን ኒክሮም የተባለ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ ቢግልም ሬዚስታንሱ የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ነው፡፡ ስለዚህ ምጣድን ቀዝቃዛውን ለክቶ ዋቱን መገመት ይቻላል፡፡ በኦም ሲለካ ግን ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ መሆን አለበት፤ ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው፡፡

ሁለተኛው ሞተር ያለው ዕቃ ነው፡፡ ፍሪጅ በ220 ቮልት 0.9 አምፒር ቢስብ ብዜቱ 198 ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው እውነተኛ ዋት ግን ከዚህ ያነሰ ነው፡፡ የተለዋዋጭ ከረንት ሞተር ላይ ቮልቴጁና ከረንቱ እኩል ስለማይረግጡ ብዜቱ ፓወር ፋክተር በሚባል ከአንድ ባነሰ ቁጥር ይባዛል፡፡ 0.65 ቢሆን 129 ዋት ይመጣል፡፡ ምጣድ፣ ቦይለር፣ ካውያና ስቶቭ ላይ ግን ይህ ጣጣ የለም፤ ቮልት በአምፒር ማባዛት ይበቃል፡፡

ሦስተኛው የሰው ገላ ነው፤ ለማስፈራራት ሳይሆን ቁጥሩ ስለሚናገር ላንሳው፡፡ ደረቅ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ሊኖረው ይችላል፤ እርጥብ ገላ ግን ወደ አንድ ሺህ ኦም ይወርዳል፡፡ 220 ÷ 1,000 = 0.22 አምፒር፡፡ ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው ብሬከር ለሰው ደኅንነት የሚሠራው 0.03 አምፒር ላይ ነው፡፡ በሰባት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ በእርጥብ እጅ ምጣድ የሚያበሩ ሰዎች ይህን ብሬከር ማስገጠም ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም፡፡ ተራው ባለ 16 አምፒር ብሬከር በ0.22 አምፒር ንቅንቅ አይልም፡፡

የጁልን ስኩዌር በትልቁ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ የተዘረጋውን 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር ይመልከት፡፡ ቀጥተኛ ከረንት ስለሆነ የእኛው ቀላል ስሌት ይሠራበታል፡፡ ሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ከመሬት 500 ኪሎ ቮልት በላይ፣ ሌላው 500 ኪሎ ቮልት በታች ስለሆኑ መሐላቸው አንድ ሚሊዮን ቮልት ነው፡፡ መስመሩ የመሸከም አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው፤ ሁለት ቢሊዮን ዋት ለአንድ ሚሊዮን ቮልት ሲካፈል 2,000 አምፒር፡፡ ይኸው ኃይል በቤታችን 220 ቮልት ይሂድ ቢባል ከዘጠኝ ሚሊዮን አምፒር በላይ ይጠይቃል፤ ያን የሚሸከም ሽቦ የለም፡፡ ቮልቴጁ በእጥፍ ሲጨምር ከረንቱ በግማሽ፣ በሽቦው ላይ የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል፡፡ ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመርም 500 ኪሎ ቮልት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

ክላምፕ ሜትር የሌለው ሰው ቆጣሪውን ራሱን መለኪያ ማድረግ ይችላል፡፡ ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ ምጣዱን ብቻ አብሩ፡፡ ዲጂታል ቆጣሪ ላይ የምትብለጨለጭ ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትብለጨለጭ እዚያው ተጽፏል፡፡ 1,600 የሚል ከሆነ የአንድ ደቂቃውን ብልጭታ ቁጠሩና በ60 አባዝታችሁ ለ1,600 አካፍሉ፡፡ 90 ጊዜ ከሆነ 90 × 60 ÷ 1,600 = 3.375 ኪሎ ዋት፡፡ ይህን ቁጥር ወደ ዋት ቀይራችሁ ሶኬቱ ላይ በተለካው ቮልት ብታካፍሉት ከረንቱ፣ ቮልቱን መልሳችሁ ለከረንቱ ብታካፍሉት ሬዚስታንሱ ይወጣል፡፡ የሽቦው ብክነት አብሮ ስለሚቆጠር ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ለሽምግልና ይበቃል፡፡ ዱሮ በነበረው ባለ ዲስክ ቆጣሪም ዲስኩ የሚዞርበት ቁጥር ፊቱ ላይ ስላለ መንገዱ አንድ ነው፡፡

የእኛ ሽምግልና በሁለተኛው ቀጠሮ አለቀ፡፡ ሴትየዋ የ130ውን ድርሻዋንና የመብራቷን ከፈለች፤ ቦይለሩ ጎሚኒው ተቀይሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲበራ ተስማሙ፡፡ ባልደረባዬ ከቆጣሪው እስከ ክፍሏ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለ መቀጠያ በራሱ ገንዘብ አስዘረጋ፤ ለምጣዱም ለብቻው ባለ 20 አምፒር ብሬከር ተገጠመለት፡፡ ልጅቷ ምጣዱ በርቶ እንደገና ለካች፡፡ ቆጣሪው ጋ 217፣ ሶኬቱ ላይ 215፣ ክላምፑ 16.5፡፡ ደብተሯ ላይ 215 × 16.5 = 3,547 ብላ ጽፋ አሳየችኝ፡፡ ሴትየዋ ቁጥሩን አላየችም፤ ምጣዱ ላይ ያለውን እንጀራ ከደነችና "ዛሬስ ቶሎ በሰለ" አለች፡፡